ሶማሌላንድ፦ ድርቅ ሲመጣ ለአርብቶ አደሩ የሚከፍለው ማን ነው?

የሶማሌላንድ ምጣኔ ሀብት በዋነኛነት የቆመው በእንስሳት ሀብት ላይ ነው። በግ፣ ፍየልና ግመል በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገራት ይጓዛሉ፤ ንግዱ በተለይ በሐጅ ወቅት ይደራል። የሐርጌሳ መንግሥትም ከዚሁ ንግድ ቀረጥ ይሰበስባል። መንጋው በድርቅ ሲያልቅ ግን ለባለቤቱ መልሶ የሚከፍል መደበኛ የድጎማ ሥርዓት የለም።

ጉዳቱ ከአንድ ቤተሰብ ኪሳራ ያልፋል። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ስጋት በጎርጎሮሳውያኑ 2000 የጣለችው የእንስሳት እገዳ እስከ 2009 ዘልቋል። በ2016 መጨረሻ እገዳው ዳግም ሲጣል አካባቢው በከባድ ድርቅ ላይ ነበር። በመጋቢት 2017 ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫም በድርቁ ሳቢያ ወደ ኅዳር ተገፍቷል፤ ግጦሽና ውኃ ፍለጋ የተሰደደ መራጭ በምርጫ ጣቢያው አይገኝምና።

መንግሥት ለምን አይደጉምም? በ1991 ነጻነቷን ያወጀችው ሶማሌላንድ ሰፊ ዓለም አቀፍ እውቅና ስላላገኘች ከዓለም ባንክም ሆነ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት በራሷ ስም መበደር አትችልም። ካላት ውስን በጀት ብዙው ለጸጥታ ኃይሎችና ለደመወዝ ይውላል።

ክፍተቱን የሚሞሉት በውጭ የሚኖሩ ዘመዶች፣ የጎሳ መዋጮና የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው። በ2009 የተጀመረው ዛድ የተሰኘው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ከሐርጌሳ ርቆ ላለ እረኛ ገንዘብ በቅጽበት ለማድረስ አስችሏል። ፍጥነት ግን ፍትሐዊነት አይደለም። በውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ምንጩም ሊደርቅ ይችላል፦ በ2013 የብሪታኒያው ባርክሌይስ ባንክ የገንዘብ አስተላላፊዎችን ሒሳብ ለመዝጋት መወሰኑ ሐዋላውን አስግቶ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ዩናይትድ ስቴትስ የውጭ እርዳታዋን ቆርጣለች።

ከድንበሩ ማዶ ያለው ልምድ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ በ2005 የጀመረችው ልማታዊ ሴፍቲኔት ለጋሾች የሚደግፉት ቢሆንም መንግሥታዊ መርኃ ግብር ነው። መሥራት የሚችለው በሕዝባዊ ሥራ ተሳትፎ ይከፈለዋል፤ አቅመ ደካማው ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ተቀባዮች በቀበሌ ደረጃ ይመለመላሉ፤ ቀረሁ የሚልም አቤት የሚልበት ኮሚቴ አለ። ይሁንና በአርብቶ አደር አካባቢዎች ድጋፉ ለተመረጡት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ ሲከፋፈል ተስተውሏል። በወል በሚኖር ማኅበረሰብ ውስጥ አንዱን ድሃ፣ ሌላውን የተሻለ ብሎ መለየት ቀላል አይደለም።

የበለጸገው የአውሮፓ ኅብረት አሠራርም እንዳለ የሚቀዳ አይደለም። ኅብረቱ ከበጀቱ አንድ ሦስተኛ ገደማውን ለግብርና ያውላል። የቀጥታ ክፍያው በአብዛኛው በእርሻ መሬት ስፋት ስለሚሰላ 80 በመቶ ያህሉ 20 በመቶ ለሚሆኑ ተቀባዮች ይደርሳል። በዚህ ስሌት፣ የወል ግጦሽ የሚጠቀም የሶማሌላንድ እረኛ ምንም አያገኝም ነበር። አንድ ነገር ግን ትምህርት ይሆናል፦ የኅብረቱ አባል አገራት ማን ምን ያህል እንደተቀበለ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። ዜጋው ክፍፍሉን ሊቃወም የሚችለው ስለሚያውቀው ነው።

የሐርጌሳ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። በ2024 መጨረሻ ሥልጣን የያዘው የፕሬዚዳንት አብዲራህማን ሞሐመድ አብዱላሂ መንግሥት እንደ ብራስልስ የሚከፍልበት አቅም የለውም። ሆኖም ከበርበራ የእንስሳት ቀረጥ በደጉ ዓመት ጥቂት ለክፉ ቀን ማስቀመጥ፣ መንጋን እንጂ መሬትን የማይቆጥር መዝገብ ማዘጋጀት፣ ያልተካተተው የሚቤትበትን ደጅ መክፈት እውቅና እስኪገኝ መጠበቅን አይጠይቅም። ድጋፉ በዘመድና በለጋሽ ፈቃድ ብቻ እስከተንጠለጠለ ድረስ፣ የተዘለለው አርብቶ አደር ቅር ይለው እንደሆነ እንጂ የሚጠይቀው አካል አይኖረውም። ቀረጥ ከፋዩን ባለመብት የሚያደርገው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ይህ የመጠየቅ ዕድል ነው።