«ቲቸር፣ አሁንስ አይፎን ይያዙ» ለምትሉኝ

ባለፈው ሳምንት ከታክሲ ስወርድ ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ እንዳልነበረ ሆነ። እዚሁ ገጽ ላይ ከነገርኳችሁ ጀምሮ ኢንቦክሴ በአንድ ምክር ተጥለቀለቀ፤ «ቲቸር፣ በቃ ከአንድሮይድ ይውጡ!» አንዱ የድሮ ተማሪዬማ «ለክብርዎም አይመጥንም» ብሎኛል። ክብሬ ኪሴ ውስጥ እንደሚቀመጥ እስከዛሬ አላውቅም ነበር።

እቁቤ ደርሶኛል፤ ስለዚህ ባዶ ኪስ ነው የሚያናግረው እንዳትሉኝ። ሜሪላንድ ያለው የእህቴ ልጅም «ጋሼ፣ አይፎን 14 ልላክልዎ፣ ግማሹን እርስዎ ይክፈሉ» ብሎኛል። እግዜር ይስጠው፤ ግን አሜሪካ የሚሸጠው አይፎን ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ፣ ሲም ማስገቢያ የለውም። በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ኢሲም እዚህም አለ፣ ችግሬ እሱ አይደለም። እኔ መብራት ጠፍቶ ባትሪዬ ሲያልቅ ሲሜን ነቅዬ የልጄ ስልክ ላይ የምሰካ ሰው ነኝ። ስልኩ ጥገና ቤት ሲተኛ ቁጥሬም አብሮት ሊተኛ ነው? ቴሌብሬም የባንኬም ኮድ የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው እኮ!

«ያገለገለ ይግዙ» ለምትሉ ደግሞ የባልደረባዬን ልንገራችሁ። ከአንድ ሱቅ ያገለገለ አይፎን ገዛች። ሪሴት ስታደርገው የማታውቀውን ሰው ፓስወርድ ጠየቃት፤ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን አልነቀለም ነበር። ሻጩ «ነገ ነይ» እያለ ሁለት ወር አመላለሳት። ገንዘቡ የልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። አሁን ቤቷ ውስጥ ውድ ጡብ አላት። አንድሮይድም የጉግል አካውንት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ፤ ኪሳራው ግን እንደ ዋጋው ነው።

በአንድ ነገር ተሸንፌያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስ ኤስ በ2024 የወጣውን አይኦኤስ 18 ተቀብሏል። እኛ የምንገዛቸው ርካሽ አንድሮይዶች ብዙዎቹ ቶሎ ነው የሚረሱት፤ የባንክ አፕ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ሳምሰንግ ከኤስ 24 ጀምሮ የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብቷል፤ እሱም ቢሆን ዋጋው ያው አይፎን ነው።

ግን የናንተ ክርክር መቼ ስለ አፕዴት ሆነ! አሜሪካ ያሉ ልጆች አረንጓዴ መልእክት በላከ ጓደኛቸው ይሳለቃሉ አሉ። እኛ ቴሌግራም ላይ ነው የምንውለው፤ እዚያ ማን የምንን ስልክ እንደያዘ አይታይም። ታዲያ ለማን ነው የምናሳየው? ካፌ ጠረጴዛ ላይ ጀርባው ወደላይ ተደርጎ ለሚቀመጠው ነገር? በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ጀማሪ አስተማሪ ግን ተበድሮ አይፎን ይገዛል። ተበድሮ! ደግሞ በወር ውስጥ ካርድ የሚሞላለት ያጣል። ያስተማርኳችሁ ሒሳብ የት ገባ?

የራሴን ነገር ልናገርና ላብቃ። እናቴ ከማረፏ በፊት ተረት ስታወራ የቀዳሁት ድምጿ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ አለ። ካርዷ አራት ስልክ ቀይራለች። አይፎን የካርድ ማስገቢያ ኖሮት አያውቅም (ሳምሰንግም ከኤስ 21 ጀምሮ ከውዶቹ ስልኮች ላይ አንስቶታል፣ እሱንም ተቀይሜዋለሁ)። «ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡት» ትላላችሁ። ገልብጬዋለሁ። ቢሆንም ካርዷን መሳቢያ ውስጥ ልጥላት አልፈልግም።

ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ። ሁለት ሲምና ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል፣ አፕዴቱም ቶሎ የማይቋረጥ መካከለኛ አንድሮይድ የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሞዴሉንም ዋጋውንም። «አይፎን» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ ግን የ10ኛ ክፍል ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ማርክ ሮስተሬን አልጣልኩትም።