አስታማሚውም በበጀቱ ይታሰብ
ይድረስ ለጤና ሚኒስቴርና ለክልል ጤና ቢሮ ኃላፊዎች፦

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት መካከል በባለጸጋ አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ለዚህ ልዩነት የምርመራ መዘግየትና የመድኃኒት እጥረት ይጠቀሳሉ፤ እውነት ነው። ከነዚህ ያላነሰው ምክንያት ግን የተጀመረ ሕክምና መቋረጥ ነው። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር፣ አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ፣ ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከከባዱ ኬሞ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ በአብዛኛው የሚያልፈው ቤት ነው፤ መርካፕቶፑሪን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴት በየሳምንቱ ይዋጣል፤ ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ጸጉሩ በቅሎ፣ ጉልበቱ ተመልሶ፣ ከእኩዮቹ ጋር መዋል ሲጀምር ክኒኑን መርሳቱ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ መተዉ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ከታዘዘላቸው መርካፕቶፑሪን ከ95 በመቶ በታች በወሰዱ ልጆች ላይ በሽታው በብዛት እንደሚያገረሽ አሳይቷል። ስለዚህ ክኒኑን የሚያስታውሰው፣ ቀጠሮውን የሚቆጥረው፣ የሰለቸውን ልጅ የሚያባብለው ወላጅ የሕክምናው አካል ነው።

«በጀቱ ለመድኃኒቱም አልበቃ» ትሉ ይሆናል። ግን አንድ ልጅ መሃል ላይ ሲያቋርጥ እስከዚያ የወጣው ወጪ ሁሉ አብሮ ይባክናል። ማስታመም የቤተሰብ ግዴታ ነው የሚልም አለ፤ ቤተሰቡማ ግዴታውን አልሸሸም። በሬ ሸጦ፣ እርሻውን ጥሎ፣ ሌሎቹን ልጆች ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ መጥቷል። የሚያልቅበት የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘቡ ነው። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ሕክምና የሚያቋርጡ የሉኪሚያ ሕሙማን ልጆች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 16 በመቶ ነበሩ፤ ቤተሰቦቹ ድጋፍ ማግኘት ከጀመሩ በኋላ፣ ከ1997 እስከ 2002 በነበረው ጊዜ፣ ወደ 0.5 በመቶ ወረዱ፤ በሽታው ሳያገረሽባቸው አምስት ዓመት የተሻገሩትም ከ32 ወደ 63 በመቶ አደጉ። እርግጥ ነው፣ እዚያ የተሻሻለው የቤተሰብ ድጋፍ ብቻ አልነበረም፤ የሕክምናው አሰጣጥም ተለውጧል። ሆኖም ቤተሰቡ ባይደገፍ ኖሮ ያ የተሻለ ሕክምና የሚደርሰው ግማሽ መንገድ ላይ ላልቀሩት ብቻ በሆነ ነበር።

በአዲስ አበባ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማህበር ለነዚህ ቤተሰቦች ማረፊያ ይሰጣል፤ የተመሰገነ ሥራ ነው፤ የመንግሥትን ድርሻ ግን ሊተካ አይችልም። የምጠይቃችሁ ይህንን ነው፦ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ባላቸው በጥቁር አንበሳ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ ሆስፒታሎች አጠገብ ለልጁና ለአስታማሚው ማደሪያ፣ የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ቤተሰብ በማግስቱ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅ አንድ ባለሙያ። ይህ ወጪ በሚቀጥለው በጀት ራሱን የቻለ መደብ ይሰጠው።