ዋንጫው አዲስ አበባ ቀረ

የአፍሪካ አገሮች ለእግር ኳስ ዋንጫ ይወዳደራሉ። ውድድሩ የተጀመረው በ1949 ዓ.ም. በሱዳን ከተማ በካርቱም ነው። ደቡብ አፍሪካም ልትገባ ነበር። ነገር ግን መንግሥቷ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን እንዲጫወቱ አልፈቀደም። ስለዚህ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ፣ ግብጽና ሱዳን ብቻ ተጫወቱ።

በጥር 1954 ዓ.ም. ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና 75 ዓመት ያህል ነበር። ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና ግብጽ በእንግድነት መጡ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታች። ለዋንጫው ከግብጽ ጋር ገጠመች። 90 ደቂቃ አለቀ፤ 2 ለ 2 ናቸው። 30 ደቂቃ ተጨመረ። ኢትዮጵያ 2 ጎል አገባች፤ ግብጽ ምንም አላገባችም። 2 ሲደመር 2 ስንት ነው? 4 ለ 2 ሆነ! ዋንጫው እዚሁ ቀረ።

አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አምበሉ፣ ማለት የቡድኑ መሪ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖ አሥመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። እንግዲህ አስቡት! ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁርን ለየች፤ ዋንጫም አጣች። በአዲስ አበባ ግን የነጭና የጥቁር ልጅ ዋንጫ ተቀበለ።

የእኛም ወልድያ ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ስታዲየም አላት። ስታዲየም ማለት ዙሪያውን መቀመጫ ያለው ትልቅ የኳስ ሜዳ ነው። የሩቅ እንግዳ ወደዚያ ቢመጣ እንዴት እንቀበለዋለን? ቤት ስንገባ ከልጆቻችን ጋር እንነጋገርበት።