ቤት የመታ፣ ዒላማ የሳተ

በልጅነታችን አዲስ ቅዳም ላይ የገና ጨዋታ ስንጫወት ሩሯን አስተካክሎ ላልመታ ሁሉ ፍርዱ አንድ ነበር፤ «ሳተ!» ዱላው መሬት ቢመታ፣ ሩሯን ቢጨርፋት ወይም ባዶ አየር ቢቀዝፍ ያው «ሳተ» ነው።

ገና ጨዋታን የሚመስለው ጎልፍ በዚህ ረገድ ይለያል። ስኮትላንዶች እጅግ ይወዱት ስለነበር በ1457 እ.ኤ.አ. ፓርላማቸው የቀስት ልምምድን አስተጓጎለ ብሎ ከልክሎት ነበር። የጎልፍ ተጫዋቾች ለስሕተት ሁሉ ስም አላቸው። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ኳሷ ወደ ቀኝ ከታጠፈችበት «ስላይስ»፣ ወደ ግራ ከታጠፈችበት «ሁክ» ይላል። ከኳሷ አስቀድሞ መሬቱን ከመታ «ፋት»፣ አናቷን ብቻ ከነካ «ቶፕ»፣ ጨርሶ ካልነካት «ዊፍ» ነው። ስሙን የሰማ ተጫዋች ምኑን ማረም እንዳለበት ያውቃል።

እኛ ግን መሳትን ከበደል አጠጋግተን የምናይ ይመስለኛል። «አጣ» እና «ኃጢአት» ከአንድ የግእዝ ሥር የበቀሉ ናቸው። ግሪኮችም ዒላማ መሳትንና ኃጢአትን «ሐማርቲያ» በሚል አንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ስለዚህ የወዳጃችንን ግጥም ጉድለት መናገር እርሱን መኮነን ይመስለንና «ጥሩ ነው» ብለን እናልፋለን።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፤

ማለዳ መጣሁኝ ደጅሽን ልጠና፣
ጨረቃ ወጥታለች ከሰማይ ደመና።

ወዳጆቼ አጨበጨቡ። ቤቱማ መትቷል! ነገር ግን ጨረቃዋን ከደጅ ጥናቱ ጋር ምን አገናኛት? ደመናውንስ «ና» ከምትለው ፊደል በቀር ማን ጠራው? ስንኙ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ በቤት መምቻው ታጠፈ። ይህን የነገረኝ ባለመኖሩ ለዓመታት ስንኝ ሳጣምም ኖርሁ።

የምሠራው ባንክ ቤት ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በእጅ ያለው ገንዘብ ከመዝገቡ ካነሰ «ጉድለት»፣ ከበለጠ «ትርፍ» እንላለን። ጉድለት ተገኘ ማለት ሌባ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ቁጭ ብለን ደረሰኞቹን እንደገና እናያለን። ለግጥምም እንዲህ ያለ ቋንቋ ያስፈልገናል።

ቃላቱን ከገና ሜዳችን መዋስ እንችላለን። መግቢያው በዝቶ ከጉዳዩ ሳይደርስ የቀረ ግጥም «መሬት መቺ» ይባል። ትልቅ ሐሳብ አንሥቶ ላይ ላዩን የነካ «ጨራፊ»፣ በታላላቅ ቃላት ተወዛውዞ ምንም ያልነካ «አየር ቀዛፊ»፣ ለቤት መምቻ ሲል ትርጉሙን የጣለ እንደ እኔው ስንኝ «ጠማማ» ይባል። በገና ዕለት ጌታ እንኳ አይቆጣም ይባላል፤ ገጣሚስ ለምን ይቆጣል?

እናም አንባቢ ሆይ፣ ግጥሜን ባሳይህ «ጥሩ ነው» አትበለኝ። ዱላዬ የት እንዳረፈ ንገረኝ።