ንጹሕ ኅሊናና የትንሣኤ በዓል
የ55ቱ ቀን ጾም ተፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ስንበቃ፣ ከማዕዱ አስቀድመን ኅሊናችንን ልንመረምር ይገባናል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቂሣርያ በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት ሲቆም፣ በፈጣሪም በሰውም ዘንድ ያልጎደፈ ኅሊና ለመያዝ ዘወትር እንደሚጥር ተናግሯል። ከጥሉላት ተከልክሎ የሰነበተ ምእመን በሰው ዘንድ ያለበትን ዕዳ ሊዘነጋ አይገባውም። ሚዛን ያጎደለ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ያስቀረ፣ ባለጉዳይን ያጉላላ ሰው ጾሙን ቢፈጽምም ኅሊናው ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ፣ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቆርጦ ተነሣ። ንስሐ ያለ ካሣ ምሉዕ አይሆንም። እንግዲህ ለፋሲካው ዶሮው ከመታረዱ በፊት የተበደለውን እንካስ፤ የተቀየመንን ይቅርታ እንጠይቅ። «እንኳን አደረሳችሁ» መባባላችንም ያን ጊዜ ከልብ ይሆናል።