ሥልጣኑ ተወስዶ ኃላፊነቱ የቀረበት ሠራተኛ፦ አውቶሜሽንና የሥራ ሞራል በኢትዮጵያ ባንኮች

በኢትዮጵያ የባንክ ቅርንጫፎች ከሚነገሩ ዐረፍተ ነገሮች መካከል «ሲስተም የለም» የሚለውን ያህል አጭር፣ የዚያኑ ያህልም ከባድ የሆነ ጥቂት ነው። የሚናገረው በመስኮቱ የተቀመጠው ገንዘብ ከፋይ ነው። ሲስተሙን እርሱ አልሠራውም፤ እርሱ አላቋረጠውም፤ መቼ እንደሚመለስም የሚነግረው የለም። ይሁን እንጂ ተሰልፎ የዋለው ደንበኛ ቁጣውን የሚያወርደው በእርሱ ላይ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ለሃያ ሰው የደገመ ሠራተኛ አመሻሹ ላይ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ድካም የሥራ ብዛት ድካም አይደለም፤ መፍትሔ ሊሰጥበት ስለማይችለው ነገር ተጠያቂ ሆኖ የመዋል ድካም ነው።

ስለ አውቶሜሽን የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ማሽኑ ስንት ሰው ከሥራ ያስወጣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በኢትዮጵያ የባንክ ዘርፍ አውቶሜሽን በሠራተኛው ሞራል ላይ የሚያደርሰው ዋነኛ ጉዳት ከሥራ መፈናቀል ሳይሆን የሥልጣንና የኃላፊነት መለያየት ነው የሚል ነው። ውሳኔው ወደ ሲስተሙ ተሻግሯል፤ ተጠያቂነቱ ግን በመስኮቱ ዘንድ ቀርቷል።

የቁጥር ክርክሩ ወሰን

እ.ኤ.አ. በ2013 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ካርል ፍሬይና ማይክል ኦስቦርን ባቀረቡት ጥናት በአሜሪካ ካሉ የሥራ መደቦች 47 በመቶ ያህሉ በኮምፒውተር የመተካት ከፍተኛ ስጋት እንዳለባቸው ገመቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሜላኒ አርንትስና ባልደረቦቿ ለኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባዘጋጁት ጥናት ይኸው ስጋት ለአሜሪካ ወደ 9 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሁለቱ ግምቶች ርቀት የመነጨው በዋናነት ከመለኪያው ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ሙያን እንደ አንድ አሐድ ሲቆጥር፣ ሁለተኛው በየሙያው ውስጥ ያሉትን ልዩ ልዩ ተግባራት ነጣጥሎ ተመለከተ። ማሽን ከሙያው ይልቅ ተግባርን ይተካል፤ ሙያው ቅርጹን ለውጦ ይቀጥላል።

የባንክ ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ጄምስ ቤሰን እንዳሳየው፣ በአሜሪካ የኤቲኤም መስፋፋት በአንድ የከተማ ቅርንጫፍ የሚያስፈልጉትን ገንዘብ ከፋዮች ከ20 ወደ 13 ገደማ ቢቀንስም፣ ቅርንጫፍ መክፈት በመርከሱ የቅርንጫፎች ቁጥር በጣም አደገ፤ የገንዘብ ከፋዮች ጠቅላላ ቁጥርም በእነዚያ ዓመታት አልወደቀም። በኢትዮጵያም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያዎቹን ኤቲኤሞች በአዲስ አበባ ከተከለ ወዲህ ቅርንጫፎች ሲበዙ እንጂ ሲመናመኑ አልታየም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎችን ሲያፈራም የባንክ ቤቶች በር አልተዘጋም።

እንግዲህ የሥራ ቁጥር ብቻ ቢታይ ችግር የለም ያሰኛል። የሠራተኛው ውሎ ሲመረመር ግን መልሱ ይለወጣል።

ከመዝገብ ወደ ስክሪን

ቀድሞ የደንበኛው ሂሳብ በቅርንጫፉ መዝገብና በቁጠባ ደብተሩ ላይ በእጅ ይሰፍር ነበር። ሠራተኛው ፊርማውን ከናሙና ካርድ ጋር ያስተያያል፤ ይጠራጠራል ወይም ያምናል፤ ደንበኛውን በመልክ ያውቃል፤ ያጠራጠረውን ወደ ኃላፊው ይዞ ይሄዳል። ሥራው አድካሚ ነበር። ማታ ሂሳቡ ካልተመጣጠነ ሁሉም ተቀምጦ ያመሻል። ሆኖም በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ የሠራተኛው ፍርድ ነበረበት፤ ስሕተቱም ትክክሉም የእርሱ ነበር።

ዛሬ የኮር ባንኪንግ ሲስተም ሂሳቡን ያሰላል፤ የክፍያውን ጣሪያ ይወስናል፤ የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ይለያል። በሠራተኛው እጅ የቀረው መረጃ ማስገባት፣ የጥሬ ገንዘብ ቆጠራና ደንበኛን ማስተናገድ ነው። ዝውውሩ ከደንበኛው ሂሳብ ወጥቶ ለተቀባዩ ባልደረሰ ጊዜ፣ ኤቲኤሙ ብሩን ሳይሰጥ ሂሳቡን በቀነሰ ጊዜ፣ የይለፍ ቃል በተቆለፈ ጊዜ ግን ደንበኛው የሚመጣው ወደዚሁ ሰው ነው። እርሱም ቅጽ አስሞልቶ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልካል፤ ይጠብቃል። የጥሬ ገንዘብ ጉድለት ቢገኝ ግን ይኸው ሲስተም የገንዘብ ከፋዩን ስም በሰከንድ ውስጥ ያወጣል።

ሹሻና ዙቦፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ይህንን ባሕርይ አስቀድማ ለይታዋለች። አንድ ቴክኖሎጂ ሥራን ከሰው ወስዶ በራሱ ሲያከናውን፣ ስለ ሥራው አዲስ መረጃም ያመነጫል። መረጃው ለሠራተኛው ቢከፈትለት ዕውቀቱን ያሰፋዋል፤ ለአለቃው ብቻ ቢከፈት መቆጣጠሪያ ይሆናል። ምርጫው የአመራሩ እንጂ የማሽኑ አይደለም። የባንክ ሲስተም የሠራተኛውን ፍጥነት፣ ስሕተትና የቀን ገቢ ለኃላፊው በዝርዝር እያቀረበ፣ ሠራተኛው ግን የደንበኛው ገንዘብ የት ላይ እንደቆመ የሚያይበትን መስኮት ካልሰጠው፣ ሁለተኛው መንገድ ተመርጧል ማለት ነው።

ማሽኑ የሚተወው ቅሪት

ሊዛን ቤይንብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ፋብሪካ ኦፕሬተሮች የጻፈችው አጭር መጣጥፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የመጣጥፉ ፍሬ ነገር፣ ንድፍ አውጪው ቀላሉን ሥራ ለማሽን ሰጥቶ፣ ማሽን ያልቻለውን አስቸጋሪውን ለሰው ይተዋል፤ ሰውየው ደግሞ በየቀኑ ስለማይለማመድ ችሎታው ይዳከማል የሚል ነው። በባንክ መስኮት ይኸው ይታያል። መደበኛው ክፍያ ወደ ስልክ ሲሄድ፣ ወደ ቅርንጫፉ የሚመጣው የተወሳሰበው፣ የተበላሸውና ያስቆጣው ጉዳይ ነው። የደንበኛው ቁጥር ቢቀንስም የእያንዳንዱ ጉዳይ ክብደት ይጨምራል።

ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሞዴል የዚህን ውጤት ያመለክታል። እንደ እርሱ አቀራረብ ሠራተኛን ለከባድ ጫና የሚዳርገው የሥራው ጥያቄ ከፍ ማለት ብቻውን አይደለም፤ ከፍተኛ ጥያቄ ከዝቅተኛ የመወሰን ነጻነት ጋር ሲገጥም ነው። ብዙ የሚጠየቅና ብዙ የሚወስን ሰው ይማራል፤ ብዙ እየተጠየቀ ምንም የማይወስን ሰው ግን ይሰበራል።

የጋራ መንፈስም ይነካል። ኤሪክ ትሪስትና ኬን ባምፎርዝ እ.ኤ.አ. በ1951 በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አዲሱ የማሽን አሠራር ሥራውን በሦስት ፈረቃ ሲከፋፍለው፣ ቀድሞ አብሮ የሚቆፍረውና እርስ በርሱ የሚተማመነው ትንሽ ቡድን ፈረሰ፤ አንዱ ፈረቃ ሌላውን መውቀስ ያዘ። በባንክ ቅርንጫፍም ማታ ሂሳብ ለማመጣጠን አብረው ያመሹ የነበሩ ባልደረቦች ዛሬ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መለያ ቁጥር ይለካሉ። ማምሸቱ መቅረቱ መልካም ነው፤ አብሮ የቀረው መተጋገዝ ግን በምን እንደተተካ የጠየቀ ጥቂት ነው።

መስኮቱን የሚዘጋው በመስኮቱ ያለው ነው

የኢትዮጵያን ሁኔታ ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ሞባይል ባንኪንግን ለደንበኛው የሚያስተዋውቀው፣ በስልኩ ላይ የሚጭንለትና አጠቃቀሙን የሚያስተምረው በአብዛኛው የቅርንጫፉ ሠራተኛ ራሱ ነው። ስንት ደንበኛ እንዳስመዘገበም በኮታ ይጠየቃል። በሌላ አነጋገር፣ ደንበኛው ወደ መስኮቱ እንዳይመለስ የሚያግባባው በመስኮቱ የተቀመጠው ሰው ነው። የሥራውን ዕድሜ በገዛ አንደበቱ እንዲያሳጥር የታዘዘ ሠራተኛ «ነገ የእኔ ቦታ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚያስፈራውም ለውጡ ራሱ ሳይሆን የጥያቄው መልስ ማጣት ነው።

ተቃራኒው ሐሳብ

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ መከራከሪያ አለ። ባንክ የሕዝብ ገንዘብ የሚጠበቅበት ቤት ስለሆነ የሠራተኛው የግል ፍርድ መጥበቡ ማጭበርበርንና አድልዎን ይቀንሳል፤ በትውውቅ ሰልፍ ማለፍንም ያስቀራል የሚል ነው። እውነት ነው። ደንበኛው ሂሳቡን በከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ ከመወሰን የዳነው፣ ሠራተኛውም ከማለቂያ የለሽ የእጅ ሂሳብ ያረፈው በአውቶሜሽን ነው። ወደ መዝገብ ዘመን መመለስን የሚመኝ ሊኖር አይገባም።

ነገር ግን መከራከሪያው የሚያጸድቀው የሥልጣንን መገደብ እንጂ ተጠያቂነትን ያለ ሥልጣን መተውን አይደለም። ገንዘብ የማንቀሳቀስ ሥልጣንና ችግር የመፍታት ሥልጣን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሲስተም ቢታሰር ጥበቃ ነው፤ ሁለተኛው ቢታሰር የደንበኛው ጉዳይ መዘግየትና የሠራተኛው መዋረድ ነው።

ምን ይደረግ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴን መለወጥን ወይም አዲስ ቴክኖሎጂን ማስገባትን የሥራ ውል ሊያቋርጡ ከሚችሉ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያውቀዋል፤ የሠራተኛ ቅነሳ ሲኖርም የሚከተሉትን ሥርዓት ደንግጓል። ሕጉ ሠራተኛውን የሚያገኘው ግን በመውጫው በር ላይ ነው። በሥራው ላይ ቆይቶ የሥራው ይዘት ለተለወጠበት ሠራተኛ መድረኩ የኅብረት ስምምነት ነው። በመሆኑም የሠራተኛ ማኅበራት ከደመወዝና ከአበል ጎን ለጎን ሦስት ነጥቦችን በድርድር ሊያነሡ ይገባል። የመጀመሪያው፣ አዲስ ሲስተም ከመተከሉ በፊት በመስኮት የሚሠሩት እንዲመክሩበት ነው። ሁለተኛው፣ ያልተጠናቀቀ ዝውውር የት እንደቆመ የማየትና በተወሰነ መጠን በቅርንጫፍ ደረጃ የመፍታት ሥልጣን ነው። ሦስተኛው፣ ደንበኛን ወደ ስልክ የሚያሸጋግር ሠራተኛ ወደ የትኛው መደብ እንደሚሸጋገር በጽሑፍ እንዲታወቅ ነው።

ለተመራማሪዎችም ሰፊ መስክ አለ። ስለ ኢትዮጵያ ዲጂታል ባንክ የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የደንበኛን እርካታና አገልግሎቱን የመቀበል ዝንባሌ ይለካሉ፤ መጠይቁ ከመስኮቱ ወዲያ ላለው ሰው ይታደላል። ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። ሲስተም ከመቋረጡ በፊትና በኋላ ያለውን የሠራተኛ ሁኔታ ማነጻጸር፣ ችግር የመፍታት ሥልጣን የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ማጥናት ለአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም የሚከብድ አይደለም።

ፓርላማው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ዘርፉን ለውጭ ባንኮች ከፍቷል። ውድድሩ ሲጠነክር የአውቶሜሽን ፍጥነትም ይጨምራል፤ ሲስተም ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ማንም ባንክ ከማንም ላይ ለረጅም ጊዜ አይበልጥበትም። ልዩነት የሚፈጠረው ሲስተሙ በተቋረጠባት ደቂቃ በመስኮቱ ያለው ሰው ለደንበኛው በሚሰጠው መልስ ነው። ያ ሰው «ሲስተም የለም» ብሎ ዓይኑን ከሚሰብር ይልቅ «ገንዘብዎ እዚህ ላይ ቆሟል፤ እስከዚህ ሰዓት እፈታዋለሁ» ለማለት የሚያስችለው ሥልጣን ሲኖረው፣ የሠራተኛው ሞራልና የባንኩ አመኔታ አብረው ይቆማሉ።