አረም የሚሸነፈው ቦታውን ሣር ሲይዘው ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መተሐራን እንዳለፈ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ለሁለት ከፍሎት ይሄዳል። ከመንገዱ በስተደቡብ የተንጣለለው የኢላላ ሳላ ሜዳ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም የሳላ መንጋ መሰማሪያ ነበር፤ ዛሬም ሳላን ለማየት የሚሻ ሰው የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሳላ ሣር በል እንስሳ ነው። ሣሩ ሲመነምን ሳላውም ይመነምናል፤ ይህን ለመረዳት የተለየ ምርምር አያስፈልግም። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣው የምንሻው ጥያቄም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የሣሩን ቦታ እየነጠቁ ያሉትን ግትር አረሞች በምን ዓይነት ሥራ ማስለቀቅ ይቻላል? ካስለቀቅናቸውስ በኋላ መሬቱ ለማን ይሆናል?

የአረሞቹ መጠሪያ ራሱ ታሪካቸውን ይናገራል። ቅንጬ አረም የተባለው ባዕድ ተክል የትውልድ ሥፍራው አሜሪካ ሲሆን፣ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደገባም ይገመታል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ «ፈረምሲሳ» ብሎታል፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ስም አላጋጠመንም። አንዱ እግር ብቻውን 15,000 እና ከዚያም በላይ ዘር ይበትናል። የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል፤ የሚነቅለው ሰው እጁ ይቆስላል፣ ትንፋሹም ያጥረዋል።

ሁለተኛው ፕሮሶፒስ ነው። የአፋር አርብቶ አደር «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ ይለዋል። ይህ ዛፍ የመጣው በጠላትነት አልነበረም፤ የመጣው በልማት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ ነፋስ እንዲያግድ፣ ጥላ እንዲሰጥ፣ የተራቆተውን አፈር እንዲያለብስ ታስቦ ተተከለ። የተተከለው ችግኝ ተቆጠረ፤ ዛፉ ከአጥሩ ውጭ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ግን አልነበረም። ዛሬ በአፋር ክልል በተለያየ ደረጃ የወረረው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎች አንዱ የሆነው የሃላይደጌ ሜዳም ከዚህ ሥጋት ነጻ አይደለም።

በዚህ ዛፍ ውስጥ ያለውን ተቃርኖ በጥሞና መመልከት ይገባል። ፍሬው ጣፋጭ ነው። ግመሉም፣ ፍየሉም፣ ከብቱም፣ ከርከሮውም ይበላዋል። ቅጠሉን ግን የሚነካው የለም ለማለት ይቻላል። ፍሬውን የበላው እንስሳ ዘሩን በሆዱ ይዞ ይሄድና ከነማዳበሪያው በሌላ ሜዳ ላይ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ እንስሳው ለጊዜው የሚያጠግበውን እየበላ፣ ለዘለቄታው የሚያስርበውን በራሱ እግር ይዘራል ማለት ነው። ጫካው ሲጠጥር ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ ሣር በሌለበት ደግሞ ሳላም የሜዳ አህያም አይውልም። አውሬ ግን በጥሻው ውስጥ ተሸሽጎ ከብታቸውን እንደሚነጥቃቸው አርብቶ አደሮቹ አዘውትረው ይናገራሉ።

ታዲያ መልሱ ዘመቻ ነውን? እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ በተንሰራፋ ጊዜ ከቅርብም ከሩቅም የመጣ ሕዝብ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ታይቷል። ያ ፍቅርና ያ ድካም ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን የተጸዳው ዳርቻ እንደገና ተሸፈነ። ዘሩ በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ለም ደለልም አረሙን መመገቡን አላቋረጠም። በዚህ ረገድ ግለ ሂስ ማድረግ ያለብን እኛ ብዕር የያዝነውም ነን። የዘማቹን ብዛት ጻፍን፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰን ቦታውን አላየንም።

በአዋሽ ሜዳም ያው ስሕተት እንዳይደገም ሥራው ከነባሕርይው መታወቅ አለበት። ፕሮሶፒስን ከአፈር በላይ የቆረጠ ሰው ዛፉን አልገደለም፤ አንዱን ግንድ አሥር አደረገው እንጂ። ጉቶው ከአፈር በታች ቢያንስ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። «ከሰል አክስለን እንጨርሰዋለን» የሚለውን አስተያየት በጥርጣሬ የምንመለከተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሰል አክሳዩ የሚፈልገው ግንዱን እንጂ ጉቶውን አይደለም። ጉቶ ለማውጣት የሚከፈል ዋጋ ከሌለ ከሰሉ የአረሙ አገልጋይ ይሆናል፤ የአገሩ ግራርም በዚያው ሽፋን መቃጠሉ አይቀርም።

ጉቶው ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ባዶ የተተወ አፈር ለቅንጬ አረም የተዘረጋ ምንጣፍ ነው። በሌሎች አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ አዳኞች ለአጋዘን ብለው መሬት አርሰው የማገጥ ዝርያዎችንና ሌላም መኖ ይዘራሉ። ይህን እንዳለ ወደ ኢላላ ሳላ መገልበጥ ጥፋት ነው፤ የታረሰ አፈር ቅንጬን ይጠራልና። እንዲህ ከሆነ ለእኛ የሚስማማው የመኖ መደብ የትኛው ነው? የጸዳውን ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ከንክኪ መከለል፣ ከዚያው ሜዳ የተለቀመ የአገሩን ሣር ዘር ከክረምቱ ዝናብ አስቀድሞ መበተን፣ ሣሩ ዘር ጥሎ እስኪጠነክር ከብት አለማስገባት፣ በየዝናቡ ተመልሶ አዲስ የበቀለውን የአረም ቡቃያ መልቀም። ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ ሲይዝ የአረሙ ቡቃያ ብርሃንና እርጥበት ያጣል። ትንሽ መደብ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ሰፊ ሜዳ መንጥሮ ከመተው ይሻላል።

የሚጠብቀውስ ማን ነው? እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ። ፓርኩ ሲከለል፣ የመስኖና የሸንኮራ እርሻዎችም በወንዙ ዳር ሲስፋፉ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን አጥተዋል። ከጥበቃ አጥር ውጭ የቆመ ሰው ከአጥሩ ውስጥ ያለው ሣር ቢለመልም ምን ተጠቅሞ ይደሰታል? ሣሩን አጭዶ የመውሰድ ድርሻ ከተሰጠው ግን መደቡን ከማንም ቅጥር ዘበኛ ይልቅ አጥብቆ ይጠብቀዋል፤ የአረሙንም ቡቃያ ከማንም በፊት የሚያየው እርሱ ነው።

የከተማ ነዋሪና የፋብሪካ ሠራተኛ አንባቢዎቻችን «ይህ የሜዳ ጉዳይ ነው» እንደማይሉ ተስፋ እናደርጋለን። ቅንጬ አረም የሚጓዘው በመኪና ጎማ፣ በአሸዋና በጠጠር ጭነት፣ በድርቆሽ እስር ነው። አረም ከወረረው ሥፍራ የሚወጣውን ትራክተርና ዶዘር ከጭቃው ሳያጥብ ወደ ሌላ ቦታ የሚነዳ ባልደረባ ሳያውቀው ዘሪ ሆኗል። በሠፈርም ቢሆን በቱቦው ዳርና በባዶው ቦታ ላይ ነጭ አበባ ከወጣ በኋላ መንቀል ዘር ማራገፍ ነው። የቀበሌ ማኅበራት የጽዳት ቀናቸውን ዝናቡ ከጣለ በኋላ አረሙ ሳያብብ፣ በጓንት፣ ከነሥሩ ለመንቀል ቢያውሉት፣ በነቀሉበትም ላይ ሣር ቢተክሉበት ድካማቸው አይባክንም።

ወደ ሜዳው በጋራ ለመውጣት ያሰቡ የሠራተኛ ማኅበራት ካሉም አካፋቸውን ከመጫናቸው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ቡቃያውን የሚለቅመው ማን ነው? የሚበቅለውንስ ሣር የማጨድ መብት ለአካባቢው አርብቶ አደር በጽሑፍ ተሰጥቷልን?